256 ወንበር፦ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ገባ?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ሆጃችሁን ቀድታችሁ ቁጭ በሉና አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቦኬ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በፍላሽ ያመጣችውን ጽሑፍ ከፍታ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በቁቤ የተጻፈው በደንብ ይነበባል። አማርኛው ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። ይሄ ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈጠን ብዬ «ፎንት ስላልተጫነበት ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። መልሱ ውሸት አይደለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ቀለለብኝ። ከዚያች ባዶ ሳጥን ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ። ታሪኩን ሳነሳ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ከቁጥር ይጀምራል። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስክሪን ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ወደ ስዕል ይቀይረዋል። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፊደል የተመደበው ቦታ አንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት ማለት 8 ቢት ነው፤ እያንዳንዱ ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው። 2ን በራሱ እያባዛችሁ ስምንት ቦታ ድረስ ሂዱ፤ 256 ይመጣል። በቃ፣ አዳራሹ ያለው 256 ወንበር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሹን፣ ማለትም 128ቱን፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ነጥቦችና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። የቀረው 128 ነው።

አሁን የእኛን እንግዶች እንቁጠር። 33 ፊደል ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል። ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ አምስት አምስት ቤተሰብ ይዘው ይመጣሉ፤ 20። እነ ሏ፣ ሟ፣ ሯ፣ ሷ አሉ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት የግዕዝ ቁጥሮች ደግሞ 20 ናቸው። አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙ ውጭ ሊቀሩ አይችሉም። ወደ 300 የሚጠጋ እንግዳ፣ 128 ባዶ ወንበር! ሰርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ጭንቀቱ ይገባዋል።

ቁቤ ይህ ችግር አልገጠመውም። አፋን ኦሮሞ በ1991 በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር ምክንያቱ ኮምፒውተር አልነበረም፤ የሚጠብቀውን ድምፅና የሚረዝመውን አናባቢ በግልጽ ማሳየት ነበር። ነገር ግን ፊደሎቹ ማሽኑ ሲሠራ ጀምሮ ወንበር ነበራቸው። ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው።

ታዲያ አዳራሽ ሲጠብ ምን ይደረጋል? ይህን ጥያቄ በደንብ የተማሩት ሰዎች ጌም ሠሪዎች ናቸው።

ቴሌቪዥን ላይ እየተሰካ የምንጫወተውን ሱፐር ማሪዮን ታስታውሳላችሁ አይደል? ኒንቴንዶ በ1985 ሲያወጣው ጠቅላላ ጌሙ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማሽኑ ከበስተጀርባ የሚታየውን ሁሉ፣ መሬቱን፣ ጡቡን፣ ተራራውን፣ የሚስለው ከ256 ትንንሽ ካሬ ስዕሎች ነበር። አዎ፣ እዚያም 256! ስለዚህ ሠሪዎቹ ቆጠቡ። ማሪዮ ውስጥ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ስዕል ናቸው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ ተቀብቶ ነው። ስንቶቻችን ነን ዓመት ሙሉ ተጫውተን ያላየነው?

አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ የመጠቀም ዘዴ ለእኛም አገር አዲስ አይደለም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሳል። የጽሕፈት መኪና ሊሸከም የሚችለው ወደ 90 ምልክት ነው፤ ከኮምፒውተሩም የባሰ ጠባብ። መፍትሔው ፊደሉን መበተን ሆነ። ዋናው ቅርጽ አንድ ጊዜ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት ደግሞ በላዩ ይቀጠላል። ፊደሉ ትንሽ ይንጋደዳል፣ ግን ይነበባል። የቆየ የቀበሌ ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ አውጡና ምልክቶቹን በደንብ ተመልከቷቸው።

በዚያ ዘመን አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። «ፊደላችን ለማሽን አይመችም፣ እንቀንሰው» የሚል። ሀ ካለን ሐ እና ኀ ለምን ያስፈልጋሉ? ሰ ካለ ሠ ምን ያደርጋል? አንዳንዶቹም ሰባቱን ቅርጾች ትተን አንድ ቅርጽ ከነምልክቱ እንጠቀም አሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ተከራክረውበታል። ግን ልብ በሉ። ማሽንና ሰው ሲጋጩ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሰውየውን መቁረጥ ነው። ማሽኑን እናስፋው የሚል የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ማሽኑን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሲገኝ።

በ1981 አይቢኤም ፒሲውን አወጣ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8088፣ ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ ሚሞሪው ከ16 ኪሎባይት የሚጀምር። የ256ቱ ፊደላት ስዕል በቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ተዘግቷል፤ እንደ ዛሬ ፎንት መቀየር ብሎ ነገር የለም። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይልካል፣ ስዕሉን ካርዱ ራሱ ያወጣል። አንድ ሙሉ ስክሪን፣ 80 ፊደል በ25 መስመር፣ 4,000 ባይት ይበቃዋል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰውስ? ቺፑ ውስጥ ሀ የለም። አንደኛው መንገድ ቺፑን ትቶ ስክሪኑን ነጥብ በነጥብ መሳል ነው። 640 በ200 ነጥብ፣ ያውም በሁለት ቀለም ብቻ፣ 16,000 ባይት ይፈጃል። አራት እጥፍ! አንድ መስመር ወደ ላይ ሲገፋ ያ ሁሉ ነጥብ መንቀሳቀስ አለበት። ጌሞችም ስዕላቸውን የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነበር። ለዚያ ማሽን «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብሎ መጻፍ ጌም የመጫወት ያህል ሥራ ነበር ማለት ነው። አንድ ፈረንጅ በቀላሉ ደብዳቤ በሚጽፍበት ኮምፒውተር እኛ «ሰላም» ለማለት ማሽኑን እስከ አጥንቱ ማሠራት ነበረብን።

በዚያ ላይ የአንድ ፊደል ቦታ 8 ነጥብ በ8 ነጥብ ነው። እስቲ ልጆች፣ የሒሳብ ደብተራችሁ ላይ 64 ካሬ አስምሩና ጨ፣ ጬ እና ጮን እንዳይምታቱ አድርጋችሁ ሳሉ። እኔ ሞክሬ ጬ ሸረሪት ሆናብኛለች።

በ1984 የመጣው ኢጂኤ የተባለው ካርድ በሩን ትንሽ ከፈተው። የፊደል ስዕል ከሶፍትዌር መጫን ተቻለ፣ በአንዴም እስከ 512 ፊደል ማሳየት ይችላል። ግን በነጻ አይደለም፤ ተጨማሪውን ፊደል ከፈለጋችሁ ከ16ቱ የጽሑፍ ቀለማት 8ቱን ትከፍላላችሁ። ወይ ቀለም ወይ ፊደል። ማሽን እንዲህ ነው፣ አንዱን ሲሰጥ አንዱን ይቀበላል።

በዚህ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ነው የእኛ ሰዎች የገቡት። በ1980ዎቹ አሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላም በራሳቸው ሶፍትዌር፣ የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡ። ማን ቀደመ በሚለው ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ሁለቱም ባለውለታዎቻችን ናቸው። አገር ውስጥም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ማዕከል «አጋፋሪ» የተባለውን ሶፍትዌር ሠራ። ስሙን ወደድኩት። አጋፋሪ ማለት በግብር ጊዜ እንግዳውን ከበር ተቀብሎ ወደ አዳራሽ የሚያስገባና ቦታ የሚያሲዝ ሰው ነው። ሶፍትዌሩም የሠራው ይህንኑ ነው።

በ1993 ደግሞ «ዱም» የተባለው ጌም መጣ። 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ሚሞሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ እንደ እውነተኛ ቤት ውስጥ የሚያስሮጥ ጌም አልተለመደም ነበር። የዚያን ጊዜ ብዙ ፕሮሰሰሮች የአስርዮሽ ቁጥር ለማስላት ራሱን የቻለ ክፍል አልነበራቸውም። ዋናው ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ሒሳቡን ሁሉ በሙሉ ቁጥር አስመስሎ አሠራው። ቤቶቹም ፎቅ ላይ ፎቅ የላቸውም፤ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ አይደረብም። ተጫዋቹ ግን አያስተውለውም። ማሽኑ የማይችለውን አውቀው፣ በሚችለው በኩል ዞረው ገቡ።

የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ ሲመጣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ግማሹ እንግዳ እዚህ አዳራሽ፣ ግማሹ ጎረቤት ቤት። ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅርጹንና ምልክቱን ለያይተው ስክሪን ላይ አገናኟቸው። በውጭ አገር ኢሜይል የሚጻጻፉት ደግሞ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉበት ሕግ አወጡ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ይህ ሥርዓት ስሙ «ሴራ» ነው (በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ!)። ትንሿ ቲ ተ፣ ትልቋ ቲ ጠ።

ችግሩ ሁሉም አጋፋሪ እንግዶቹን በራሱ ፈቃድ ማስቀመጡ ነበር። በአንዱ ሶፍትዌር ሀ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ በሌላው መ ተቀምጣለች። ይህ መከራ እኔም ደርሶብኛል። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን የሴሚስተር ፈተና አዘጋጅቼ በፍላሽ ይዤ ለማባዛት ጭሮ ወረድኩ። ፋይሉ ሲከፈት አራት ገጽ ፈተና የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ የጻፍኩበት ፎንት እዚያ የለም። ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ አንዱ ስዞር ዋልኩ፣ ማታ ላይ በእጄ እያነበብኩ እንደገና አስጻፍኩት። ፈተናው በማግስቱ ነበር። ያን ቀን የ256ን ታሪክ ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ማንን እንደምረግም አውቅ ነበር።

መፍትሔው የመጣው አዳራሹን በማፍረስ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለዓለም ፊደላት ሁሉ የማይደራረብ ቁጥር ይስጥ ብሎ ተነሳ። ፍስሐ አጥላውን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን የግዕዝን ፊደል ይዘው ቀረቡ። በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከ340 በላይ ለሆኑ ምልክቶቻችን ለየራሳቸው ቁጥር ሰጠ። ሐም አለች፣ ኀም አለች፣ ፼ም አለች። ማንም አልተቀነሰም! እነዚያ «እንቀንሰው» የተባሉት ፊደላት ሁሉ ወንበር አገኙ።

ዋጋው ግን አልጠፋም። በኢንተርኔት በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤስኤምኤስም በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲያስኬድ በአማርኛ 70 ብቻ ያስኬዳል። ቴሌ ላይ የምትቆጡ ሰዎች፣ ይህችኛዋ እንኳ የቴሌ ጥፋት አይደለችም። ደግሞ አትርሱ፣ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት። ፊደላችን ቦታ ይበላል፣ ግን በትንሹ ብዙ ይናገራል።

ቁጥሩ ተሰጠ፤ ስዕሉስ? ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ የግዕዝ ፎንት አልያዘም ነበር። «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በጥር 2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። በእኛ ሚሊኒየም ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ጥር 1999 ዓ.ም.። ቪስታን የሚያስታውስ ሰው ግን ይስቃል። ኤክስፒ በ128 ሜጋባይት ሚሞሪ ይሠራ ነበር፤ ቪስታ ቢያንስ 512 ይላል፣ በደንብ እንዲሠራ 1 ጊጋባይት። በዚያው ዓመት ኅዳር «ክራይሲስ» የተባለው ጌም ወጥቶ የዓለምን ውድ ኮምፒውተሮች ያስለቀሰበት ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ «ክራይሲስን ይሸከማል?» እየተባለ ይቀለድበታል።

ፊደላችን በስንት ትግል ዊንዶውስ ውስጥ ገባ፣ ግን እኛ ልንገዛው በማንችለው ማሽን በኩል ገባ። በየትምህርት ቤታችን የነበሩት ፔንቲየም 4፣ ባለ 256 ሜጋባይት፣ ኤክስፒ የተጫነባቸው ናቸው። እንደገና 256! ልጅቷ ያየችው ሳጥን ይህ ነው። ቁጥሩ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ስዕሉ ግን ሌላ ማሽን ላይ ቀርቷል።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ አንድ ተማሪ ከእነዚህ ባለ 256 ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ «ሳን አንድሪያስ»ን ጭኖ ሲጫወት ያዝኩት። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ጭሮ ጌም ቤት ውስጥ በፕሌይስቴሽን 2 ስንት ሰዓት የጨረስኩበት ጌም ነው! ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ሚሞሪ 32 ሜጋባይት ነው። ያንን ሁሉ ከተማ፣ በረሃና ተራራ በአንዴ ሊይዝ አይችልም። መኪናው ሲሄድ ከፊት ያለውን መንገድ ከዲቪዲው እያነበበ ያመጣል፣ ከኋላ የቀረውን ይጥላል፤ ሩቁን በጭጋግ ይሸፍነዋል። ለኮምፒውተር ሲወጣ ግን ትንሹ መስፈርት 256 ሜጋባይት ሚሞሪና ራሱን የቻለ ባለ 64 ሜጋባይት ግራፊክስ ካርድ ነበር። የእኛ ማሽን ካርድ የለውም፤ ከዚያችው ከ256ቱ ላይ ነው ለስክሪኑ የሚቆርሰው። በሕጉ መሠረት መነሳት የለበትም። ልጁ ግን አስነስቶታል። የስክሪኑን መጠን 640 በ480 አውርዶ፣ የሩቁን እይታ እስከ መጨረሻው ቀንሶ፣ ኤክስፒ ከጀርባ የሚያሠራቸውን የማያስፈልጉ ነገሮች አንድ በአንድ ዘግቶ። መኪናው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ግን ይሄዳል!

እኔ ምን አደረግኩ? ክፍሉ ሁሉ እያየ ጌሙን አጠፋሁት። «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው» ብዬ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ከኮምፒውተር ክፍል አገድኩት። ሴሚስተሩ አለቀ። ልጁ አልተመለሰም። ደግሞም አልለመነኝም።

ጌም በትምህርት ሰዓት ይጫወት እያልኩ አይደለም። ማስቆሜ ልክ ነበር። ያጠፋሁት አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነው፤ «እንዴት አደረግከው?» እኔ እኮ ስለዚያ ማሽን የማላውቀውን ነገር ያውቅ ነበር። ካርማክም ሆነ እነ ፍስሐና እነ ዶ/ር አበራ የጀመሩት ልጁ ከጀመረበት ቦታ ነው። ማሽኑ አይችልም ሲባል፣ የማይችለው የቱ ጋ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ከመፈለግ። እኔ አጋፋሪ መሆን ሲገባኝ በረኛ ሆንኩ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚባል የዶሮ ጌምና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል። ማን ያውቃል፣ ያ ልጅም አንድ ነገር ይሠራ ነበር።

ትናንት ኮምፒውተር ክፍል ስገባ አንድ የዩኒኮድ ፎንት በፍላሽ ይዤ ገባሁ። ክብደቱ ከአንድ ፎቶ አይበልጥም። እኔ አልጫንኩትም፤ ለዚያች ተማሪ ሰጠኋትና «ፈልጊና የሚገባበትን አግኚ» አልኳት። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከዚያም «እንዴት አደረግሽው? ለሁሉም ንገሪያቸው» አልኳት። ወደ ሰሌዳው ወጥታ በአፋን ኦሮሞ አስረዳቻቸው።

አንተ ያኔ ያገድኩህ ልጅ፣ ስምህን እዚህ አልጠራም። ይህን ካነበብክ ግን ይቅርታ አድርግልኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ያን ጌም እንዴት እንዳስነሳኸው አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናንተስ? በድሮ ማሽን «አይሆንም» የተባለውን አስነስታችሁ የምታውቁ፣ በፎንት ጦስ ፈተና ወይም ማመልከቻ የተበላሸባችሁ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

መልካም ሳምንት። ነጋቲ!